የይሁዳን ዓይን ያወጡት ሴት

ታዲዮስ ቀየት ከተማ ላይ መኪና ሲጠብቅ ዝናብ ደረሰበትና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሮጦ ገባ። ቀድመውት የተጠለሉ አንዲት አሮጊት መጀመሪያ የያዘውን ሳጥን፣ ቀጥሎ ጥፍሩን አዩ።

«ልጄ፣ ቀለም ነው እንዴ ጥፍርህ ላይ ያለው?»

«አዎ እማማ፣ የሥዕል አስተማሪ ነኝ።»

«የዘይት ቀለምስ ታውቃለህ?»

«ሳጥኑ ሙሉ እሱው ነው።»

«እንግዲያው ዝናቡን ተወውና የኔን ስማ» አሉት።

ወለተጊዮርጊስ ይባላሉ። በንጉሡ ጊዜ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ የአገሩ ተወላጅ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ በዘይት ቀለም ስሎ ለደብሯ ሰጠ። ሥዕሉ በሣር ክዳኑ ስር፣ በጧፍና በዕጣን ጭስ ጠቆረ። ለይቶ የሚታየው በጎን የተሳለ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። በአገሩ ሥዕል ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው፣ ኃጥእ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ይሁዳ ተባለ። ሰሙነ ሕማማት በመጣ ቁጥር ሲረገም ኖረ። ወለተጊዮርጊስማ ገና ሙሽራ ሳሉ «ጌታዬን የሸጥህ!» ብለው በስፌት ወስፌያቸው ዓይኑን ወጉት። ሠላሳ ዓመት «የይሁዳን ዓይን ያወጣች» እየተባሉ ተከበሩበት፤ ሰርግ ቤት እንኳ ከላይ ነበር የሚቀመጡት።

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ፤ የመስታወት መስኮትም ወጣ። መምሬ መርስዔ ኃዘን ሥዕሉን በእርጥብ ጥጥ ሲጠርጉት፣ ከሰውየው ወገብ ላይ ቁልፍ ብቅ አለ።

«የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ይሁዳ ዘንድ ምን ይሠራል?» አሉ መምሬ። ጴጥሮስ ነበር ለካ!

«ንስሐ ገባሁ፤ ተፈታሁ» አሉት ወለተጊዮርጊስ። «ግን ዓይኑ እንደተበሳ ነው። እሱ እንዲያ ሆኖ እንዴት ብዬ ልቁረብ? ይኸው ስድስት ዓመቴ። ዓይኑን መልሰህ ሣልልኝ።»

መምሬ ተጠርተው መጡ፤ ፈቀዱም። ታዲዮስ ጫማውን አውልቆ ገባና ሥዕሉ ፊት ቆመ። በሥዕሉ ውስጥ ክፍሉን የሚያበራው የጌታ ፊት ነው። ጴጥሮስ ወደዚያ ዞሯል፤ ጢሙ ሳይቀር በርቷል። እውነተኛው ይሁዳ ግን ጀርባውን ለብርሃኑ ሰጥቶ፣ ከረጢቱን ማዕዱ ስር ጨብጦ፣ በሁለት ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ሰዉን ያያል። ፊቱ ጨለማ ነው።

«ያዩታል እማማ? ጴጥሮስ ፊቱን ያዞረው ከእኛ ነው እንጂ ከጌታ አይደለም።»

ታዲዮስ ቀዳዳውን ደፍኖ ዓይኑን ሣለ፤ መጨረሻ ላይ ብሌኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ጣለ። ወለተጊዮርጊስ መሬት ሳሙ።

«እሁድ ትቆርቢያለሽ» አሏቸው መምሬ። ቀጥለውም ወደ ታዲዮስ ዞረው «ከጀመርህ አይቀር ለዚህ ለይሁዳ አንዱን ዓይን አጥፋልን፤ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዳይሳሳት» አሉት።

ታዲዮስ «ላስብበት» ብሎ ሳጥኑን ዘጋ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወለተጊዮርጊስ እስከ መኪናው ሸኙትና የመኪናውን በር ይዘው ጠጋ አሉት።

«መምሬን እንዳትሰማቸው፤ ይሁዳ ሁለቱም ዓይኖቹ ይኑሩት። እኔም ጴጥሮስን የወጋሁ ዕለት ሁለት ዓይን ነበረኝ።»