ጥፊና ድብደባ

ጋሼ ወንድይራድ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሲነሳ ቋቅ ይላቸዋል። አይፈረድባቸውም። በተሰደዱበት የአሜሪካ ከተማ ፒኮ ሮበርትሰን በሚባለው ሰፈር ፓርኪንግ ሲሠሩ የሰው መኪና ጭረው የማያውቁ ሰው፣ ባንድ ጥፊ ወንጀለኛ ተብለው አረፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌርፋክስ ላይ ባንዱ ሐበሻ ምግብ ቤት ዳኛቸው የሚባል ሰው ሞቅ ብሎት፣ ደርግ የገደለውን ታናሽ ወንድማቸውን አነሳና «የእጁን ነው ያገኘው» አለ። አፉ ይቆረጥና! ብድግ ብለው በጥፊ አጮሉት። ሰውየው ሲንገዳገድ መንጋጋው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመና ተሰበረ። ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ጥቃት ፈጽመዋል ተብለው ተከሰሱ። በዚህ ከተፈረደባቸው የስደተኝነት ወረቀታቸው ይነጠቅና ወንድማቸውን ወደ በላው መንግሥት ይላካሉ። ቀላል ጥቃት ቢባል ግን ተቀጥተው እዚሁ ይቀራሉ።

ችሎት ላይ አስተርጓሚያቸው አምደሚካኤል ነበር፤ በድሮ ጊዜ የተማረ፣ ከረባቱ የማይላላ፣ ፌርፋክስ ላይ የኢንሹራንስ ቢሮ ያለው። ጠበቃቸው፣ ጁሪው፣ ማለት ፍርዱን የሚሰጡት ተራ ሰዎች፣ ከትልቁ ክስ ሌላ ቀላሉም ጥፋት እንዲነገረው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። አምደሚካኤል ደግሞ ዞር ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ቀላል ድብደባ ይቀበላሉ?»

ድብደባ! ለእሳቸው ድብደባ ማለት ቀበሌ ወፌ ላላ ሰቅሎ ውስጥ እግራቸውን የተለተላቸው ነው። እሳቸውና ያ ባንድ ስም ሊጠሩ? ደማቸው ፈላ።

«ደብዳቢ አይደለሁም። አንድ ጥፊ ነው ያቀመስኩት። ድብደባ አልቀበልም» አሉ።

አምደሚካኤል ይህን ሁሉ ባጭር እንግሊዝኛ ጠቅልሎ አቀበለ። ጠበቃው ትከሻውን ሰበቀ፣ ዳኛውም ቀላሉን ጥፋት ሳያነሳ አለፈው። ለጁሪው የቀረለት ወይ ከባዱ ወይ ነፃ ነው። መንጋጋው በሽቦ የታሰረ ሰው ፊት ለፊት ተጎልቶ ማን ደፍሮ ነፃ ይላል? ፈረዱባቸው።

ይግባኝ ተባለ። አዲሷ ጠበቃ፣ ማንም ባይጠይቀውም ዳኛው ቀላሉን ጥፋት ለጁሪው መንገር ነበረበት ብላ ተሟገተች። የይግባኝ ዳኞቹም እውነትሽን ነው አሏት። አሏትና ደግሞ፣ ተከሳሹ በገዛ አፉ እምቢ ያለውን ዛሬ ለምን አልተነገረልኝም ሊል አይችልም ብለው ዘጉት።

ውሳኔውን ያነበበችላቸው ካልቨር ሲቲ የምትኖር የእህታቸው ልጅ ሰርክ ናት።

«ጋሼ፣ ‹አልፈልግም› ብለሃል ይላል እኮ።»

«ጥፊ ነው ያቀመስኩት አልኳቸው እንጂ!»

«ጥፊ የሚል የለም። አማርኛው አይጻፍም፤ ሪከርድ የሚደረገው እንግሊዝኛው ብቻ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ችሎት ቆመው የተናገሩት፣ የወንድማቸው ስም ሳይቀር፣ ጭራሽ እንዳልተባለ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ኤዲያ! ይሄም ፍርድ ተብሎ!

በማግስቱ አምደሚካኤል ቢሮ ሄዱ። ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው። ሲጠይቁት አላፈረም። ጥፊ የመሸታ ቤት ወሬ ነው፣ ዳኛ ፊት አይባልም፣ የእርስዎን ክብር ጠብቄ ነው ያሳጠርኩት አለ፤ ጭራሽ ውለታ አስመሰለው። መዳፋቸው ተቁነጠነጠች፤ ግን እሱን መንካት እንኳ አስጠላቸው።

«አይዞዎት ጋሼ» አለ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «የኢሚግሬሽኑ ቀጠሮም ላይ የተመደብኩት እኔው ነኝ።»

ጋሼ ወንድይራድ ትክ ብለው አዩት።

«እዚያ የምለው ‹አትመልሱኝ፣ ይገድሉኛል› ነው» አሉት። «ከዚህ የቱን ታሳጥራለህ?»