ለሶፊ የታዘዘው ሙዳይ

የኡሙሰልማ ጣቶች የተበጠሰ ክር ይቀጥላሉ። በግራ እጇ እንዝርቱን ገታ ታደርግና በቀኟ የክሩን ጫፍ ፈልጋ፣ ስባ፣ ጠምዘዝ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ማሽኑ ተቀብሎ ይዞት ይሄዳል። ኮምቦልቻ ፈትል ፋብሪካ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ልጇ አሚር በባሕር ወደ ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ፣ ልቧ የሚያርፈው እዚያ ማሽን ፊት ብቻ ሆነ።

ዘንድሮ ፋብሪካው ለሠራተኛው ደኅንነት ብሎ የምክር ክፍል ከፈተ። መጋረጃው አዲስ ነው፤ ወንበሩም ስፖንጅ አለው። አማካሪዋ ሶፊ ከደሴ የምትመላለስ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምታዳምጥ ልጅ ናት። የጎን ማሽን የምትሠራው ቢልቂስ፣ «ሸኽ ቀጥረውልናል፤ ሂጂና ዱዓ አስደርጊ» ብላ ቀለደች።

ኡሙሰልማ ቀልዱን የምር ያዘችው። በአገሯ ለኅብረት ዱዓ ወዳጃ ሲቀመጡ ባለጉዳይ ችግሩን አይደብቅም። ሳያስቀር ይናገራል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል፤ የተናገረውም ዞሮ እሱን አይጎዳውም። እሷም ለሶፊ ሳታስቀር ተናገረች፤ በማሽኑ ጩኸት መሐል የአሚር ስልክ የሚጠራ እየመሰላት ዘወር እንደምትል እንኳ አልደበቀችም። ሶፊ አሚን አላለችም፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ እጇን ያዘቻት።

ቀለል ብሏት ወጣች። ዱዓ ላደረገ ሰው ምስጋና ይገባዋልና፣ በእረፍቷ ቀን ደሴ ወጥታ ሰኞ ገበያ ከምታውቃት ስፌት ሠሪ ዘንድ ቀይና አረንጓዴ አለላ የገባበት ሙዳይ አዘዘችላት።

ብዙም ሳይቆይ የፈረቃ ኃላፊው ሞላልኝ አስጠራት። ሶፊ ለደግ አስባ የሰማችውን ነግራው፣ ቀላል ሥራ ይሰጣት ብላ ኖሯል።

«ለእርስዎው ደኅንነት ነው እትዬ» አላት። «ዘወር የሚል ሰው እጁን ማሽኑ ይበላበታል።»

«እስከ ዛሬ እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም። እንዳይሆን ነው።»

«ወላሂ ልጄ፣ እኔን ያቆመኝ እሱ ማሽን ነው።»

ሞላልኝ አቀርቅሮ፣ መጥረጊያ የሚወጣበትን ክፍል በእጁ አመለከታት።

አሁን ግቢ ውስጥ የጥጥ ብናኝ ትጠርጋለች። እዚያ ጸጥታ ነው፤ የአሚር ስልክ ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ይውላል። ሶፊ ስታልፍ፣ «እንዴት ነው፣ አረፉ እትዬ?» ትላታለች። እሷም ቀና ሳትል «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትጠርጋለች።

ስፌት ሠሪዋ ሙዳዩ አልቋል፣ ነይና ውሰጂ ብላ ደጋግማ ልካባታለች። ኡሙሰልማ ግን ሰኞ ገበያ አልወጣችም።