የግዛው ወንበር

ባለፈው ሳምንት እትዬ ብዙነሽ ከመንዝ ደወሉልኝ። የግዛው ታላቅ እኅት ናቸው። ግዛው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነበር፤ ጉበቱን ታሞ ከርሞ በጥቅምት መጨረሻ ሞተ። መንገዱ ስለማያስተማምን ለቀብሩ አልደረስኩም። አሁን የሚፈልጉት ለአርባው የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነበር።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ደግሞም ታውቀዋለህ። አሳምረህ ጻፍልን» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት በዜና ሥራ ቆይቻለሁ። የሰውን ሕይወት በግማሽ ገጽ መጻፍ አይከብደኝም። ወረቀት አወጣሁና እንደ ልማዴ ከተወለደበት ዓመት ጀመርኩ። ዓመቱን መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም፤ አውቀው ነበር። እንዴት እንዳወቅሁት ለመናገር ወደ አንድ የገና ሰሞን መመለስ አለብኝ።

ግዛው ርዝመት ዝላይ ይዘል ነበር። ኳስም መረብ ኳስም ይጫወታል፤ የተፈጠረው ግን ለዝላይ ነው። የመዝለያውን ጉድጓድ አሸዋ ከወንዝ ያመላለስነው እኛው ነን፤ በማዳበሪያ ጆንያ፣ በጀርባችን። ከገጠር የመጣን ተማሪዎች በከተማዋ ቤት ተከራይተን ስለምንኖር ጠዋት በሶ በጥብጠን እንጠጣና የበግ ጠጉር ባናችንን እንደ ደረብን ወደ ሜዳ እንወርዳለን። በዚያ ሰዓት ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ግዛው ባናውን ያቀብለኝና ይሮጣል። እኔ ሜትር እይዛለሁ፤ የዘለለውን በደብተር እመዘግባለሁ። በስፖርት ምንም አልነበርኩም። የሌላውን ጉልበት መመዝገብ በኋላ እንጀራዬ ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የየወረዳው ተማሪዎች ከእኛ ደጋ ዝቅ ባለችው በዓለም ከተማ ሊወዳደሩ ነበር፤ ዕድሜ ከአሥራ ሰባት በታች። ያሸነፈውን ማሠልጠኛ ወስዶ እያበላ ያስተምረዋል ተባለ። የግዛው አባት ሞተዋል፤ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻ መመለሱ የማይቀር ነበር። ዝላዩ ብቻ ነበር መውጫው። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሙቀቱ ነበር።

«ዓለም ከተማ እኮ ሰው በሸሚዝ ነው የሚያድረው አሉ! ፓፓያ እስኪያመኝ ነው የምበላው።»

ገና ሊደርስ ሲል ባለ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘን ገና ተጫወትን። በአገራችን ወግ ጥንጓን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ አሳልፎ ያገባ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይዘልፋል። የተዘለፈው ይሥቃል እንጂ አይቆጣም፤ እዚያ የተባለም ከሜዳው አይወጣም። ግዛው በተቃራኒው ወገን ነበር። ሦስት ጊዜ አገባብን፤ ሦስቴም ተዘለፍን።

«አንተ፣ እግርህን ከባና ክር ነው እንዴ የሠሩት?» ሲለኝ ሜዳው በሙሉ ሣቀ።

በስንት መከራ አንድ አገባን። ተራው የእኛ ሆነ።

«በል እንግዲህ፣ አፈኛው!» ብለው ጓደኞቼ ወደ ፊት ገፉኝ።

ከጥቂት ቀናት በፊት ስንቅ ልወስድ አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ እናቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች የታላቅ ወንድሜን ነገር አንሥታ፣ «እሱና የእነ ደስታ ልጅ በአንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሡት» ብላ ነበር። እማማ ደስታ የግዛው እናት ናቸው፤ እኔ የማውቀው ወንድ ልጃቸው ግዛው ብቻ ነው። ወንድሜ ደግሞ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሒሳቡን ያኔውኑ ሠርቼ አስቀምጬው ነበር። አወጣሁት፦

ከታላቅ ወንድሜ ጋራ ተጠምቆ፣
ከልጆች ይዘላል ዕድሜውን ሰርቆ።

እንደዚያ ቀን የተሣቀልኝ ጊዜ የለም። ግዛውም ሣቀ። ዱላውን ወደ እኔ አንሥቶ «ወይ አንተ!» አለ። በወጉ መሠረት ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት።

የስፖርት አስተማሪያችን ግን ከዳር ቆሞ ይሰማ ነበር። ለአገሩ እንግዳ ነው። በፊተኛው ዓመት ዕድሜው ባለፈ በአንድ ልጅ የተነሣ ቡድኑ በሙሉ ተባሮ ተመልሷል። ሰኞ ቢሮ አስጠራኝ።

«ያ ግጥምህ እውነት ነው ወይስ ጨዋታ?»

ጨዋታ ነው ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን አስተማሪ ቢሮው ጠርቶ የማውቀውን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

«እውነት ነው። እናቱ ይጠየቁ» አልኩ።

እማማ ደስታ ከጓሳ ጥግ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ግዛው አጠገባቸው ቆመ፤ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ አዳምጣለሁ። አስተማሪው ስለ ወንድሜ ነገራቸውና «ከእሱ ጋር በአንድ ቀን ወንድ ልጅ ክርስትና አስነሥተዋል?» አላቸው። ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ መሬቱን አዩ።

«አዎ፣ አስነሥቻለሁ» አሉ።

«እማዬ!» አለ ግዛው።

እማማ ደስታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። የግዛው ስም ተሰረዘ።

በማግሥቱ ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ አይቼ ተከተልኩት። ባናውን እንደ ወትሮው ሰጠኝ፤ ሮጠና ዘለለ። ከቀድሞው ምልክቱ ግማሽ ክንድ አልፎ አረፈ። ለካሁት። አላምን ብዬ ደግሜ ለካሁት።

«ጻፈው» አለኝ፣ አሸዋውን ከጉልበቱ እያራገፈ።

«ስምህ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለም» አልኩና ደብተሩን ዘጋሁ። ሥርዓት ያከበርኩ መስሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ላይ የእሱ ወንበር ስለ ተረፈ አስተማሪው በመዝጋቢነት እኔን ወሰደኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። በሸሚዝ አደርኩ። ለግዛው አንድ ፓፓያ ይዤለት ተመለስኩ፤ በመንገድ ተጨፍልቆ ነበር። «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ተቀበለኝ። ደህና የቀረውን ጎን ቆርጦ ለእኔ ሰጠኝ። ክረምት ሲገባ ገብስ ሊያርስ አገሩ ገባ፤ አልተመለሰም።

በኋላ ዘመን አንዳንድ ጊዜ ይጸጽተኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ የምደገፍባት አንዲት ነገር ነበረችኝ፤ የተናገርኩት እውነት ነበር።

እንግዲህ ለእትዬ ብዙነሽ መልሼ ደወልኩና የጻፍኩትን ዓመት ነገርኳቸው።

«አይ፣ እሱ የፊተኛው ነው» አሉ።

«የፊተኛው ማን?»

«ከወንድምህ ጋር የተጠመቀው ነዋ። ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ወሰደው። ግዛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንተ እኩያ። እናታችን የፊተኛውን በግዛው ፊት አንሥታ አታውቅም። ሞት ሰምቶ ይመለሳል ብላ ትፈራ ነበር። እናትህ አልነገሩህም?»

አልጠየቅኋትም ነበር። ብጠይቃት ፈትሉን እንኳ ሳታቆም ትነግረኝ ነበር።

«ታዲያ እናታችሁ ትምህርት ቤት ሲጠየቁ ለምን ዝም አሉ?» አልኩ።

«የተጠየቀችውን መለሰች። ስንት ወንድ ወለድሽ ያላት የለም።» አሉ። «ለግዛው የነገረችው ልትሞት ስትል ነው። ማን እንዳወራበት ግን እሱም ነግሮን አያውቅም። በገና ሜዳ የተባለ ነገር ቤት አይገባም አለ።»

የሕይወት ታሪኩን በዚያው ቀን ጨረስኩ። ትክክለኛውን ዓመት ጻፍኩ። በደብተር ያላሰፈርኩትን የመጨረሻ ዝላዩን እስከ ሴንቲሜትሩ አስታውሰዋለሁ፤ እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ «በዕድሜው ላይ በተነሣ የተሳሳተ ወሬ ምክንያት ከውድድር ቀረ» የሚል መስመር ጨመርኩ። ጀማሪ ዘጋቢ እንዲህ ያለ መስመር ይዞልኝ ሲመጣ «ወሬውን ያነሣው ሰው ስም የለውም?» ብዬ እመልስበታለሁ። ይኸኛውን አሳለፍኩት።

በስልክ አነበብኩላቸው። እትዬ ብዙነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ስጨርስ ሲያለቅሱ ይሰማኛል።

«ተባረክ ወንድሜ» አሉኝ። «እውነቱን የሚጽፍለት ሰው አገኘ።»

«አሜን» አልኩ።