አሚን ያለው ለኪ

የጨፌ መንደር ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አርባ ሁለቱ ቤተሰብ የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ሲሆን፣ ያን ምንጭ አሕመድኑር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለክቶታል። አለካኩ ቀላል ነው። ዘወትር ሐሙስ ጠዋት የሃያ ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ቱቦ አፍ ሥር ይደቅናል፤ እስኪሞላ የፈጀውን ጊዜ ይይዝና ከሳምንቱ ዝናብ ጎን በደብተር ያሰፍራል። በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ጀሪካኑ በሃያ ስድስት ሴኮንድ ሞላ። በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ግንቦት ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሴኮንድ ፈጀ።

አሕመድኑር ጡረታ የወጣ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ጥንቃቄውን ያስተማሩት ግን አባቱ ናቸው። አባቱ ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩን ቃል፣ ያስቀሩ የነበሩ ሼኽ ሲሆኑ፣ አንድ ቀን አንድ ደረሳ፣ ተማሪያቸው፣ ሲቀራ ንባቡን ለማሳመር አንዲት ቃል ጨመረ። ሼኹ ኪታቡን ዘግተው አባረሩት። ሽማግሌዎች ሊያማልዱ ቢመጡ፣ «ቃሏ ውሸት አይደለችም፤ ነገር ግን የራሱ ናት» አሉ። የሰሙትን ሳይጨምሩ ማድረስ፣ ማለትም ሪዋያ፣ አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ መስጠት፣ ማለትም ፈትዋ፣ ሌላ ነው። አሕመድኑር ይህን ልዩነት ከቤቱ ይዞ ወጣ፤ በደብተሩም ላይ አጸናው።

ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ለብሷል። የመንደሩ እኩሌታ ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ልጅ የሚያስተምረው በዚያ ዛፍ ነው። የቀረው እኩሌታ፣ እንደ ጎረቤቱ እንደ ወይዘሮ ኑርጃን ያለው፣ መሬትም ዛፍም የለውም፤ ያለው የምንጩ ወረፋ ብቻ ነው። ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ በሚል ጠቡ እየከረረ ሲሄድ፣ አንጋፋው ሼኽ ሷሊህ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በሾላው ሥር ሰበሰቡ፤ አሕመድኑርንም አስነሡት።

«አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ከምንጩ በላይ ሠላሳ እግር ባሕር ዛፍ አለኝ። ቃሌን ስትሰሙ ይህን እያወቃችሁ ስሙ።»

«ጋሼ፣ ንስሐ ገቡ እንዴ?» አለ ብዙ ዛፍ ያለው ወንድማገኘሁ። ሰው ሳቀ።

አሕመድኑር አልሳቀም። ዝናቡ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል መቀነስ አላሳየም፤ ምንጩ ግን ወደ ሰባተኛ እጁ ወርዷል፤ ይህ የተለካ ነው አለ። በዚያው ዘመን ዛፉ ተዳፋቱን ሸፍኗል፤ በዚያው ዘመን ደግሞ የላይኛው ግጦሽ ታርሷል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ እንደሚስብ በሌላ ስፍራ ተለክቷል፤ እዚህ ግን ከጉዳቱ ስንቱ የዛፉ፣ ስንቱ የእርሻው እንደሆነ ደብተሩ አይለይም። አወራረዱ በዚሁ ከቀጠለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በግንቦት ጀሪካን ላይሞላ ይችላል።

«እና ይቆረጥ ነው የምትለው?» አሉ ሼኽ ሷሊህ።

«ያን ደብተሩ አይናገርም፣ ሼኽዬ። ቢቆረጥ ማን እንደሚጎዳ፣ ባይቆረጥ ማን እንደሚጎዳ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ፍርዱም የእናንተ ነው።»

ኑርጃን ብድግ አለች። «ፈትዋ ስጠን እንጂ፣ አንተ ሰው! ሐሙስ ሐሙስ ወረፋችንን እየዘለልክ ስትለካ የኖርከው አንድ ቃል ልትነፍገን ነው?»

«ጋሼ አልታወቀም ብለዋል» አለ ወንድማገኘሁ። «ሦስት ዓመት ይለኩና ይታወቅ። ያኔ መጥረቢያውን እኔ ራሴ አነሣለሁ።»

«ይለካ! ይለካ!» አለ ሰው። ሼኽ ሷሊህም ነገሩ እዚህ ላይ ይደር ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

አሕመድኑር «አልታወቀም» አላለም ነበር። ያልታወቀው የእያንዳንዱ ድርሻ ነው፤ ምንጩ መውረዱ ታውቋል። ይህን ሊያርም አፉን ከፈተ። በዚያ አገር ግን ዱዓ ከተጀመረ በኋላ ከአንድ ቃል በቀር አይነገርም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያችኑ ይላል። ሼኹ ለውሃው ለመኑ፣ ለፍቅር ለመኑ፣ ለተወሰነው ነገር በረካ ለመኑ። አሕመድኑርም እጁን ዘርግቶ ከሰዉ ጋር «አሚን» አለ።

በማግስቱ ሼኽ ሷሊህ ቤት ሄደ።

«ትናንት የተባለው እኔ ያልሁት አይደለም።»

«አሚን ብለሃል እኮ፣ ልጄ» አሉ ሼኹ በእርጋታ። «አርባ ቤት ሰምቶሃል። አሚን ያሉትን ዱዓ ማፍረስ ደግ አይደለም።»

አሕመድኑር ሁለት ጊዜ መጥረቢያ ይዞ ወደ ሠላሳዎቹ ዛፎቹ ወጣ። ቢቆርጣቸው መንደሩ እንደ ፍርድ ያየዋል፤ ስለዚህ ሳይቆርጥ ተመለሰ። መመለሱንም እንደ ፍርድ አዩት። ወንድማገኘሁ በየደረሰበት «ጋሼ እንኳ የራሳቸውን አልነኩም» ይል ጀመር።

በቀጣዩ ግንቦት ጀሪካኑ በአምስት ደቂቃ ሞላ፤ በሁለተኛው በዐሥራ አንድ። በሦስተኛው ዓመት ከቱቦው የሚወርደው ጠብታ ነበር። አሕመድኑር ከጎኑ ተቀምጦ ሰዓቱን ሲይዝ ኑርጃን አህያዋን ጭና መጣች፤ ከላላ ከተማ ወደምትኖረው እኅቷ ዘንድ መሄዷ ነው።

«ለኪነቱን ተወውና፣ እንደ ጎረቤት ብጠይቅህ ያን ቀን ምን ትለኝ ነበር?»

«ይቆረጥ እል ነበር» አላት። ወዲያውም አከለ፦ «ውሃው እንደሚመለስ ግን እርግጠኛ አልነበርሁም።»

«ማን እርግጠኛ ሁን አለህ?» አለችና አህያዋን ነዳች።

እስከ መስከረም ድረስ ዐሥራ አራት ቤተሰብ መንደሩን ለቀቀ። ወንድማገኘሁም ዛፉን በሙሉ ጨፍጭፎ በጭነት መኪና ወደ ደጎሎ ላከው፤ ለምንጩ ብሎ ሳይሆን፣ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ስለነበር ነው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ተዳፋቱ ራቁቱን ቀረ። ምንጩ በዚያ ዓመት አልተመለሰም። ለምን እንዳልተመለሰ፣ ወይም ይመለስ እንደሆነ፣ አሕመድኑርን የጠየቀው ሰው የለም።