እትዬ ረጋ እና አማቹ

እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። ጠባዬ ነው፤ ሚስቴ "አንተ እኮ ፀሐይ ስትወጣም እንከን አታጣላትም" ትለኛለች። ለአለቃችን ለእትዬ ረጋ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ያደረጉትን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ይገርመኛል።

የምንሠራው የአምቡላንስ ጥሪ የሚመጣበት የስልክ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ የማይከፈት ረጅም ክፍል ነው፤ ጠረጴዛዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ አየር ማቀዝቀዣው ዓመት ሙሉ እላያችን ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ቀድሞ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበሩ፤ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ እኛ ተዛወሩ። የሚጮኽ ደዋይ ሲገጥማቸው "ረጋ በል ልጄ፣ አለሁልህ" ይሉታል፤ እውነትም ይረጋል። ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው። ቤቱ ሁሉ ሲጠራቸው እሳቸው ብቻ አያውቁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አስጠርቷቸው "ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊገባ ነው፤ ሠራተኛውን እርስዎ ያለማምዱልኝ" አላቸው። መሣሪያው ከእኛ ጋር ስልኩን ያዳምጣል፤ ደዋዩ የሚለውን ስክሪን ላይ ይጽፋል፤ ሕመሙ ከባድ ይሁን ቀላል ይገምታል፤ ምን እንደምንጠይቅም ይመክራል። ከየጥሪው በኋላ እኛ ለግምቱ ነጥብ እንሰጠዋለን፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ በነጥባችን እየተመሩ ያርሙታል።

ክፍሉ ታመሰ። እትዬ ግን ስብሰባ አልጠሩም፤ ወንበር እየሳቡ በየተራ አጠገባችን ተቀመጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ "ይኼ ነገር ሊያባርረን ነው አይደል?" አልኳቸው።

"አላውቅም" አሉኝ። "ግን ሳታውቀው ከምትጣላው አውቀኸው ብትጣላው ይሻላል። በል ና፣ ይቺን ተጫን።"

"አላውቅም" የሚል አለቃ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ መሣሪያውን "አማቹ" አልነው። አዲስ ቤተሰብ የገባ፣ ሁሉም የሚጠነቀቅለት፣ ፊት ለፊቱ ክፉ የማይነገር! በስም ብቻ ቢቀር ደግ ነበር፤ እኛ ግን የእውነት አማች አደረግነው። ያመጡት እትዬ ናቸው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ብንሰጠው እሳቸውን ማሳፈር መሰለን። ሳንማከር፣ እያንዳንዳችን በየጠረጴዛችን "እጅግ ጥሩ" እንጫን ጀመር። ሲሳሳት ስህተቱን እኛው ሸፍነን አምቡላንሱን እንልካለን፤ ነጥቡ ግን ያው "እጅግ ጥሩ" ነው። ይሉኝታ የማያሠራው የለም።

ታዲያ ዳይሬክተሩ አንድ ጠዋት ፊቱ እያበራ መጣ። "እትዬ፣ ተአምር ነው! ሠራተኞችዎ ፍጹም ነጥብ ሰጥተውታል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ስልኩን ብቻውን ያነሳል።"

የእትዬ ፊት አመድ መሰለ። "ሰው ሳይኖር?"

"ሰው ምን ያደርጋል? የመሰከራችሁት እናንተው አይደላችሁ?"

እሱ ሲወጣ በሩን ዘጉና መሀል ክፍሉ ላይ ቆሙ። እንደሚቆጡ ጠብቀን ነበር፤ አለመቆጣታቸው ባሰብን።

"እናታችሁ አሟት ብትደውል ለዚህ መሣሪያ ብቻ ትተዉአታላችሁ?" አሉ።

በእጃቸው ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ።

"አማች አድርጋችሁ ተቀበላችሁት። አማች አይደለም፤ ልጅ ነው። ልጅ ሲያጠፋ ዝም የሚል ወላጅ አለ? በሉ አሁን እናታችሁን ሁኑና ደውሉለት። አባታችሁን ሁኑ። ልክ እንደሚያወሩት አድርጋችሁ።"

ከሾፌሮቹ ጋር በሬዲዮ የምትነጋገረው ባልደረባችን ቀደመች። የእናቷን ድምፅ አውጥታ "እንዴት ናችሁ ልጆቼ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ ይቺ ደረቴ ትንሽ ያዝ ታደርገኛለች" አለች። ስክሪኑ ላይ "ደዋይዋ ደህና ናት። ቀላል" የሚል ወጣ። እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ በየአፋችን ቀረ። ደረቷን ያማት ሴት ሰላምታ ስላስቀደመች ጤነኛ ተብላለች!

ተራው የእኔ ሆነ። አባቴ በሕይወቱ አመመኝ ብሎ አያውቅም፤ የሞተውም "ደህና ነኝ፣ ወደ ሥራህ ሂድ" እንዳለኝ ነው። ማዳመጫውን አጠለቅኩና እንደ እሱ አወራሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ያቆማል፤ ትንፋሽ እንዳጠረው እንዳይታወቅበት ሳቅ ይላል፤ ደግሞ ይቀጥላል። አማቹ "ቀላል" ብሎ ጻፈ። "እጅግ መጥፎ" ተጫንኩ። ምክንያት ይጻፍ በሚለው ቦታ ላይ "ሰውየው እየሞተ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ በዚያው ቀን ዳይሬክተሩ ዘንድ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ነጥቡ ውሸት ነበር" አሉት። "የዋሹት እኔን ላለማሳፈር ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።"

"ትናንት ፍጹም የተባለ ዛሬ መጥፎ ሆነ? ማን ያምነኛል?"

"ጊዜ ስጡን። ብቻውን ከሚሆን እኔ ወንበሬን ብለቅ ይሻላል።"

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሰጣቸው። ያኔ መጥቶ በጆሮው ሰምቶ ሊወስን ተስማሙ፤ አማቹ ብቻውን ይሠራል ወይም አይሠራም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አማቹም ሄደ። እያንዳንዳችን የቤታችንን ሰው ድምፅ አመጣንለት። የምታፍር አክስት፣ የሚቆጣ አጎት፣ ሕመሟን ለባሏ የምትደብቅ እህት። ሲያጠፋ ገሠጽነው፤ ለምን እንደተሳሳተም ጻፍንለት። አንቱታ እንኳ ያስተማርነው እኛ ነን።

የተባለው ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ ማዳመጫ አጥልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል። ስልክ ጠራ፤ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው።

"እንዴት ነህ ልጄ? ድምፅህ ደክሟል፤ ምሳ በልተሃል?"

"ደህና ነኝ እናቴ። ምን ልታዘዝ?"

"ኧረ ምንም አይደል። ድካም ብጤ ነው... ሄ ሄ... የባሰበት ካለ እሱን አስቀድሙ።"

ድምፃቸው ሞቅ ያለ፣ ሳቂታ ነበር። ዕረፍት ያድርጉ ልላቸው አፌን ስከፍት ስክሪኑ ቀላ።

"ቃላቸው ደህና ነኝ ይላል፤ ትንፋሻቸው አይልም። በየሁለት ሦስት ቃሉ ይቆማሉ፤ መቆማቸውን በሳቅ ይሸፍናሉ። ደረታቸውን ይጠይቁ። ከባድ።"

የአባቴ ትንፋሽ ነው! እኔ ልጁ በጊዜው ያልሰማሁት ትንፋሽ ከእኔ አፍ ወጥቶ እዚያ ውስጥ ሲጠብቅ ኖሮ፣ የማላውቃቸውን እናት ሊያድን መጣ። ምን ዓይነት ነገር ነው የሠራነው? ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

"እናቴ፣ ደረትዎን ያምዎታል?"

ሳቁ ሁሉ ከድምፃቸው ወጣ። "ከጠዋት ጀምሮ ልጄ። ሰው ላስቸግር አልፈለግኩም።"

የሬዲዮዋ ባልደረባችን አምቡላንሱን አስነስታለች። በሩን እንዲከፍቱ፣ ግድግዳ ተደግፈው እንዲቀመጡ ነገርኳቸው፤ እያዋራሁ አቆየኋቸው። በስልኩ ውስጥ ሳይረን ተሰማ፤ የነርሶቹ እርምጃ ገባ።

"ቆዩ አንዴ፣ ልጆቼ" አሏቸው አሮጊቷ። ከዚያ ለእኔ፣ "እንዴት ነቃህብኝ? ማንን ልመርቅ?"

ስክሪኑን አየሁ። ዞሬ እትዬን አየሁ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ተጠጋና ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሳበው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ሁሉንም ይመርቁ እናቴ" አለ። "አብረው ነው የሚሠሩት። ወደፊትም አብረው ነው የሚሠሩት።"

እትዬ ወንበራቸውን ስበው አጠገባችን ተቀመጡ።