ፖዘቲቭ የምትለዋ ቃል

ልጅ እንውለድ ብለን ስንመክር ሚስቴ ጥሩወርቅ "መጀመሪያ ሩቤላ ልመርመር" አለችኝ። ሩቤላ ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ ነው፤ እርጉዝ ከያዘ ጽንሱን ይጎዳል አሉ። ተያይዘን አዘዞ አንድ ክሊኒክ ሄድን። እኔ ኮብልስቶን ሳነጥፍ ሰንብቼ ደክሞኝ ስለነበር አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲስተሯ ውጤቱን ስታመጣ ነቃሁ።

ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከወረቀቱ የገባችኝ "ፖዘቲቭ" የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ የማያውቅ የለም። በቃ ኤች አይ ቪ ነው ብዬ ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

"ጥሩዬ፣" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ። ያኔ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሄድኩ ጊዜ..."

ሲስተሯ ሳቋ መጣ። "ምነው ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሩቤላ ነው። ፖዘቲቭ ማለት መከላከያው ደሟ ውስጥ አለ ማለት ነው። በሉ ሂዱና ውለዱ።"

ተመስገን ብዬ ብድግ አልኩ። ጥሩወርቅ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ቁጭ በል እስቲ፣" አለችኝ። "መተማ ምን ሆንህ?"