ለሰዒድ ጊታር የደረቀው ዋንዛ

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አዲስ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ተተክሎ አየሁ። ኮምፒውተር የሚነዳው ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሲኤንሲ ይለዋል። የአልጋ ራስጌ ላይ አበባ እየቀረጸ ነበር። ባጃጅ ልይዝ የወጣሁት ሰውዬ ድምፁን ስሰማ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ትኩስ የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ያ ሽታ ሁሌም ሆዴን ያባባዋል፤ ምን ላድርግ፣ የአናጺ ልጅ ነኝ።

ሰዒድ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን ያመዋል፤ ዳገት መውጣት፣ ሳንቃ መሸከም አይሆንለትም። እኔ ከአባባ ጋር መጋዝ ስገፋ፣ እሱ የወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ የተዋሰውን ጊታር ይነካካል። ጊታር እንበለው እንጂ አንገቱ የተጣመመ፣ በሽቦ የታሰረ ጉድ ነበር። ሰዒድ ግን መንዙማ ሳይቀር ያወጣበታል። አባባ "አስተግፊሩላህ!" ይሉና ጆሯቸውን ጣል አድርገው መላጊያቸውን ቀስ እያሉ ይገፋሉ።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ወዲህ ነው፤ አንድ ቀን ሰዒድ ከኮምፒውተር ቤት ፊቱ በርቶ መጣ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን፣ በኮምፒውተር የተሳለለትን ተከትሎ ጊታር ሲቀርጽ በቪዲዮ አይቷል።

"አንተ ትስለዋለህ፣ ማሽኑ ይቀርጸዋል፣ እኔ እጫወተዋለሁ" አለኝ።

ስለ እንጨቱም አስቦበታል። ጣሪያችን ስር ለዓመታት ተጋድሞ የደረቀ ዋንዛ ነበር፤ አባባ ከጨፋ አምጥተው ለሰዒድ የሰርግ አልጋ ያስቀመጡት።

"አባባ፣ ሰርጉን ይተዉት። ልቡ ለደከመ ሰው ማን ልጁን ይሰጣል? አልጋውን ጊታር ያድርጉልኝ" አላቸው እየሳቀ።

አባባ አልሳቁም። ቀና ብለው ዋንዛውን አዩና "እሺ" አሉ። "ማሽኑን በሬውን ሸጬም ቢሆን አመጣለሁ። ግን መጀመሪያ ወንድምህ መሳሉን ይወቅ። እኔ ቤት መጋዝ የሚይዘው እርሳስ መያዝ የቻለ ነው።"

የቤት ፕላን የሚስል አንድ ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ይለቅልኝ ጀመር። የዲዛይን ሶፍትዌሩ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ እንኳን ለእኔ ለባለቤቱም አልገራ ያለ ነበር። የከሚሴ ሙቀት ከላይ፣ ወበቁ ከታች። ድንገት መብራት ይጠፋና የደከምኩበት ሥዕል ብን ይላል። "ወይኔ!" ብዬ ራሴን ስይዝ፣ ሰዒድ አጠገቤ ማንጎ እየላጠ "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አይዞህ! ጊታሩ ጭንቅላትህ ውስጥ አለ፤ እሱን መብራት ኃይል አያጠፋውም" ይለኛል።

የመጀመሪያው ሥዕሌ የሚያስቅ ነበር። እጄ ከበርና ከአልጋ ሌላ አያውቅማ! ውፍረቱን የአልጋ ሳንቃ አደረግኩት፤ ወገቡንም ቀጥ አድርጌ አወረድኩት።

"ይኼ ጊታር ነው ወይስ ቁም ሣጥን?" አለ ሰዒድ፤ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ከንፈሩ ጠቆረ። ጀርባውን እያሸሁ ፈራሁ። ጊታሩ ሳይደርስለት እንዳይሞት ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ፋታ አልነበረኝም። ዋንዛውን አውርጄ ለካሁ። ስንጥቁን ዘልዬ፣ አንጓውን ሸሽቼ፣ ሥዕሉን በሳንቃዎቹ ልክ ሠራሁት። የእያንዳንዱን ሳንቃ ቁመትና ስፋት እንደ ፋቲሓ በቃሌ ያዝኩት። በሸለቆው ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ሥዕሉ አለቀ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ማሻአላህ" አሉ፤ "ለመጪው ገበያ በሬውን ጨፋ ሮቢት እነዳዋለሁ።" ሰዒድ የዚያን ቀን እቅፉ ውስጥ የሌለ ጊታር ይዞ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ዋለ።

ገበያው አልደረሰም። ሰዒድ ጠዋት ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

በእኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም። መቃብሩ ላይ አፈር ከመመለሱ በፊት ሟቹ በእንጨት ይከደናል፤ ጎረቤትም ያገኘውን ይዞ ይመጣል። የዚያን ቀን ያመጡት ገና የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። አባባ በእጃቸው ዳሰሱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኼ ቶሎ ይበሰብሳል። በልጄ ላይ አይሆንም።"

ወደ ወርክሾፑ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ዋንዛውን አንድ በአንድ አወረዱ። ሜትር ዘረጉ፤ ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ቁጥሩን ማንበብ አቃታቸው።

"አንተ ታውቀዋለህ" አሉኝ። "ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ለጀርባው ያሰብኩትን፣ ለፊቱ ያሰብኩትን፣ ለአንገቱ የመረጥኩትን፤ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ሁሉንም። አንዱንም አልሳትኩም። ያረቢ፣ ያን ሁሉ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል! አባባ ቆረጡት፤ እኔ ያዝኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ማሽን የሚል ቃል አልተነሳም። በሬውም ቤት ውስጥ አረጀ።

ዛሬ አባባም የሉም። እኔ በዚያው በተማርኩት ሶፍትዌር በርና ቁም ሣጥን እየሳልኩ እኖራለሁ። የአዲሱ ማሽን ባለቤት ሙያዬን ሰምቶ ኖሮ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ገብቼ እንዳይ ጋበዘኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በነጋታው ያኔ ቀድቼ ያስቀመጥኩትን የሰዒድን ጊታር ፋይል በፍላሽ ይዤለት ሄድኩ። ተከፈተ። ወገቡ ጎበጥ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ ስክሪኑ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይኼማ ያለቀለት ነው!" አለኝ። "እንጨቱስ የታለ?"

"ወንድሜ ለብሶታል" አልኩት።

አልገባውም። ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ "ሌላ ዋንዛ እንፈልጋለን" አለኝ።

ዋንዛ አይጠፋም። እኔም ስዬዋለሁ፤ ማሽኑም ይኸው ከሚሴ ድረስ መጥቷል። "እኔ እጫወተዋለሁ" ያለው ነው የሌለው።